ብረቷን ትተን ያመጣናት ትራክተር

ባለፈው ሰሞን ሱሉልታ አትክልት የሚያለማው የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቶ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ትንሽ ትራክተር ልገዛ ነው። ምን ምን ይጨመርላት ይላሉ?» አለኝ። እኔን ማማከሩ ራሱ አስጠረጠረኝ። ይህ ልጅ እስከዛሬ ምክር የጠየቀኝ ለቅሶ ቤት በስንት ሰዓት እንደሚኬድ ብቻ ነው። ብድር ሊያስከትል ይሆናል ብዬ ኪሴን በክንዴ ሸፈን አድርጌ መነጽሬን አጠለቅሁ።

ትራክተሯ ቀይ ናት፤ ቁመቷ ከበሬ ብዙም አይበልጥም። አፍንጫዋ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጥቋቁር ብረቶች ተንጠልጥለዋል። እነሱን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ፤ እስኪያስለኝ ሳቅሁ። ልጁ ምን እንዳሳቀኝ ቢጠይቀኝ የማይሆን ነገር መልሼ ሸኘሁት። ታሪኩ ረጅም ነው፤ የዛሬ ልጅ ደግሞ ስልኩ እስኪጠራ ድረስ ብቻ ነው የሚሰማህ። እናንተ ግን ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ጊዜ ስለነበር በየቀበሌው ኮታ ይወርዳል። ኮታው ሲወርድ የጉለሌ ወጣት ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ እንጦጦ ጫካ። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ማትሪክ ደግሞ እኔን ጨርሶኛል። ከስቼ ከስቼ የጤፍ አገዳ ነበር የምመስለው፤ ለወታደርነት ቀርቶ ለማስፈራሪያነት እንኳ የማልበቃ። ግን ኮታ ሰው ይቆጥራል እንጂ አይመዝንም።

ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር፣ የአትክልት አምራቾች ማኅበር ነበረን። ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ቆስጣ እናመርታለን። ምርት ላይ ያለና ሥራው በሌላ ሰው የማይተካ አባል አይነካም ይባል ነበር። እኔ አባል ነኝ፤ ሥራዬ ግን ዶማ መያዝ ነው። «ዶማ ማንም ይይዛል» አለኝ አንድ ቀን ሊቀመንበራችን ጓድ ቸርነት፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። ጓድ ቸርነት ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰውን ሲያይ ዛሬም በዓይኑ ይለካል። የዚያን ቀን አለካኩ የካኪ ልብስ ልክ መሰለኝና ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ማኅበሩ ትንሽ ትራክተር እንዲገዛ ተፈቀደለት የሚል ወሬ የመጣው። ሹፌር ማን ይሁን ሲባል እጄን ያወጣሁት የጥያቄው ግማሽ ሳይነገር ነው። ጎሚስታ ቤት ስሠራ ጎማ የሚቀየርላቸውን መኪናዎች ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ አደርግ ነበር። የነዳሁት ሁሉ ቢደማመር ከቤቴ ሽሮ ሜዳ አያደርሰኝም። ቢሆንም ሌላ እጅ ስላልወጣ ሹፌር ሆንሁ።

ደስታዬ አንድ ቀን ብቻ ነው የቆየው። ፈቃዱ ትራክተሯንና ሁለት ተቀጥላ ነው የሚለው። አንዱ ማረሻ መሆኑ ግልጽ ነው። ማረሻ ደግሞ በኛ ቁራሽ መሬት ላይ በዓመት የሚሠራው ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ትራክተሯ ትቆማለች፣ ሹፌሩ ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ይቆጠራል። ተሳቢ ጋሪ ከተጨመረላት ግን ፍግ ወደ ታች፣ ጎመን ወደ ላይ፣ ዓመት እስከ ዓመት ሥራ አለ። ማኅበሩ ስለ እርሻ መሣሪያ ሲመክር እኔ የምሰማው ስለ ነፍሴ ሲመከር ነበር። ታዲያ ይህን መናገር አይቻልም፤ «ተሳቢ ለምን ፈለግህ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ስብሰባው የተደረገው በሚያዝያ አጋማሽ፣ ከፋሲካ ማግስት፣ ሁሉም ሰው በጾም ያጣውን ሥጋ ለማካካስ ሆዱን ነፍቶ በተቀመጠበት ሰሞን ነው። ጋሽ ሙዘሚል ቀድመው ተነሡ። ሱቃቸው ከተዘጋ በኋላ ወደ ማኅበሩ የገቡ፣ ቃል እንደ ስኳር የሚሰፍሩ ሰው ናቸው።

«የውሃ ፓምፕ» አሉ። «ውሃ ለሁሉም ነው።»

«የጋሽ ሙዘሚል መደብ ከሁሉም በላይ ስለሆነ ውሃ የሚደርሰው በቆርቆሮ ተሸክመው ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ወላሂ ስለራሴ አላሰብሁም» አሉ። ማንም አላመናቸውም።

ጓድ ቸርነት ቀጠለ። «እኔ የምለው ጣራ ነው። ከመቀመጫው በላይ የሚደረግ የቆርቆሮ ጣራ አላት። ሹፌራችንን ፀሐይ ቢመታውስ?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔና ፀሐይ ዘመናችንን ሁሉ አብረን ስንውል አንድም ሰው አስቦልን አያውቅም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ጓድ ቸርነት ለአብዮት በዓል ሰልፍ ትራክተሯ ላይ ቆሞ እጁን ሊያወዛውዝ አስቧል፤ ያለ ጣራ ደግሞ አያምርም።

እኔ ተሳቢ ልል አፌን ስከፍት እትዬ የሺመቤት ቀደሙኝ። እሳቸው የቁጥጥር ኮሚቴያችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ቅቤ ሲፈትሹ ያሸቱታል፣ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ መዳፋቸው ላይ አቅልጠው ለፀሐይ ይይዙታል፤ ሙዝ የተለወሰበት ከሆነ ሻጩ ቃል ሳይተነፍስ ዘንቢሉን አንሥቶ ይሄዳል። ሰውንም የሚያዩት እንደዚያው ነው። ስለኔ ያላቸው አስተያየት የታወቀ ነበር። «ይሄ ልጅ ካሮት ሲነቅል እንኳ ካሮቱ ይጎትተዋል» ይላሉ።

«ተሳቢ» አሉ። «ፍግ በሴት ጀርባ መዞሩ ይብቃ።»

ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። የፈለግሁትን ባገኝም ልቤ አላረፈም። እኚህ ሴትዮ ለኔ የሚበጅ ነገር ለምን ይናገራሉ? ቅቤያቸውን ሊያመላልሱበት ይሆን? ወይስ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ ከኋላ ገፍቶ ከኔ እንዲገላግላቸው? ሁለተኛው ይበልጥ አሳማኝ መሰለኝ።

ትራክተሯን ልናመጣ የሄድነው አራት ሆነን ነው፤ ጓድ ቸርነት፣ ጋሽ ሙዘሚል፣ እትዬ የሺመቤትና እኔ። የመንግሥት መጋዘኑ በቃሊቲ በኩል፣ ከከተማው ዳር ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቀን፣ እትዬ የሺመቤት ከመቀነታቸው እየፈቱ የሰጡንን ቆሎ እየቆረጠምን ሄድን። ለኔ የደረሰኝ ከሌሎቹ ሞላ ያለ መሰለኝ። ይህንንም በጥርጣሬ መዝገቤ ላይ አሰፈርሁት።

መጋዘኑ ግሪስና አዲስ ጎማ ይሸታል። መጋዘን ጠባቂው ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ እንቅልፍ የጠላው የሚመስል ሰው ነበር። ማንነታችንን ደጋግሞ ጠየቀን፤ እኛም የእሱን ጠየቅን። ትራክተሯን ሲያሳየን ጋሽ ሙዘሚል የኋላ ጎማዋን ቀስ አድርገው ረገጡ፤ ላም የሚገዙ ነው የሚመስሉት። ጓድ ቸርነት መቀመጫዋ ላይ ወጥቶ ራሱን ቀና አደረገና ጣራ መኖር የነበረበትን ባዶ ቦታ እያየ ተከዘ። እትዬ የሺመቤት ቀለሟን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ፤ የዘይቱን ክዳን አስከፍተው አሸተቱ።

ከጎኗ፣ መሬት ላይ፣ ጥቋቁር ብረቶች ተደርድረዋል።

«እነዚህስ?» አሉ በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው።

«የፊት ክብደት ናቸው። አፍንጫዋ ላይ ይንጠለጠላሉ።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም አያደርጉም፣ እናቴ። ይከብዳሉ።»

«መክበድ ሥራ ነው?»

ሰውየው ተነፈሰ። «ተሳቢ ስለወሰዳችሁ ነው። ዳገት ላይ ጭነት ስትጎትት ወደኋላ ይስባትና ፊቷ ሊነሣ ይችላል። እነዚህ ካሉ አይነሣም። ካልፈለጋችሁ ደግሞ ከባድ ሰው ታስቀምጡባታላችሁ» አለና በራሱ ቀልድ ፈገግ አለ። «ከተቀጥላው አይቆጠርም፤ አብሮ ነው የሚሰጠው።»

እትዬ የሺመቤት ብረቱን አዩ፤ የትራክተሯን አፍንጫ አዩ፤ ከዚያ እኔን ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ፣ የገበያ ዶሮ እንደሚያዩ አዩኝ። መልሰው ብረቱን አዩ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት። «እኔ ቅቤ ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ክብደት የሚጨምርልህ ሰው ሌላ ምን እንደሚቀንስብህ አውቃለሁ።»

«አልቀነስሁም እኮ። አብሮ ይሰጣል።»

«ጋሽ ሙዘሚል» አሉ ወደ እሳቸው ዞረው፣ «የመንግሥት መጋዘን ሳይጠየቅ ሲሰጥ አይተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ሙዘሚል አላዩም። ሽሮ ሜዳ ገበያ አጠገብ ያደገ ሰው ሁሉ ከሰል ጆንያ ሥር ድንጋይ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ማር ውስጥ ስኳር አግኝቶ ያውቃል። ክብደት ሲጨመር ገንዘቡ እየሄደ መሆኑን ነው የሚያስበው። «ጆንያው ሥር ያለው ድንጋይ ነው ይሄ» አሉ ጋሽ ሙዘሚል በለሆሳስ። ጓድ ቸርነት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሻጥር ሊሆን ይችላል» አለ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ አንድን ነገር መንካት አስቸጋሪ ነበር። ሁላችንም ከብረቱ ትንሽ ፈቀቅ አልን፤ እዚያው ትተነውም ተመለስን።

እኔ ግን ሰውየው ያስረዳው ገብቶኛል። ገብቶኝ ለምን ዝም አልሁ ካላችሁ፣ ተሳቢዬን አግኝቻለሁ፤ ስለ አፍንጫ ተከራክሬ ሹፌርነቴን ማስጠየቅ አልፈለግሁም። ደግሞም ትራክተር የሚነሣ እንስሳ አልመሰለኝም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አልሆነም። ማረሻውም ሠራ፣ ክረምቱም አለፈ። ጥቅምት ላይ ጎመኑ ደረሰና የመጀመሪያውን ከባድ ጭነት ከወንዙ ዳር ወደ ቁስቋም መንገድ ልናወጣ ተነሣን። ጠዋት ነው፤ ውርጩ ገና ከቅጠሉ ላይ አልረገፈም። ዳገቱን ጀመርሁት። እኩሌታው ላይ ስደርስ መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። ነጻነት መሰለኝ እኮ። ከዚያ ከፊቴ የነበረው መንገድ ጠፋና እንጦጦን አየሁ፣ ቀጥሎ ሰማይን። የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። ፍሪሲዮኑን ረገጥሁ፤ ተመልሳ ስትወድቅ ጥርሴ ምላሴን ነከሰው። ጎመኑ እየተንከባለለ ወንዝ ገባ። ሕፃናት እየተሯሯጡ ለቀሙት፤ የዚያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ጎመን በላ።

ማኅበሩ በብረቱ ጉዳይ ተጠራራ። እትዬ የሺመቤት፣ «የተውሁት እኔ ነኝ፤ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ» ብለው በማግስቱ ብቻቸውን ሄዱ። አመሻሽ ላይ መጡና ብረቱን ሌላ ማኅበር እንደወሰደው ነገሩን። ማንም አልጠረጠረም፤ ተቆጣጣሪን ማን ይቆጣጠራል? እኔ ግን ጫማቸውን አየሁት። በጥቅምት ቃሊቲ ደርሶ የመጣ ሰው ጫማው ከአቧራው የተነሣ ዱቄት ውስጥ የገባ ይመስላል። የእሳቸው ያብረቀርቅ ነበር።

«እንግዲህ ሰው ይቀመጥባታ» አሉ ቁጭ ብለው። «መጋዘን ጠባቂው ራሱ ብሏል።»

ሰው ተፈለገ። ጋሽ ሙዘሚል አንድ ጊዜ ወጥተውባት ዳገቱን ሙሉ ሶለዋት እያወረዱ ሄዱና ሲወርዱ፣ «ሁለተኛ ብላችሁ እንዳትጠሩኝ» አሉ። አፍንጫ ላይ መቀመጥ ለሊቀመንበር አይመችም። ሌላው ሁሉ በዚያ የስኳር ወረፋ ዘመን ተመናምኖ ነበር፤ የሚመዝን ሰው አልነበረም።

«የኔው ልጅ አለ» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ እንደ ሰለቻቸው ሁሉ። «ሥራ ፈት ነው። እሱ ይቀመጥባት።»

ዳኛቸው የኔ እኩያ ነው። በቅቤ አንጉላ ያደገ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ዝንብ የማይነካ ልጅ። ቁመናውን ያየ የቀበሌ ሰው ሁሉ ምራቁን ይውጥ ስለነበር ከቤት አይወጣም፤ ሲወጣም ጫካ ነው። በማግስቱ መጣ። አፍንጫዋ ላይ ጣውላ አሰርንለት፤ ጆንያ አነጠፈና ተቀመጠ። ትራክተሯ እንደታለበች ላም ጸጥ አለች። ዳገቱን ስንወጣ ካሮት ይቆረጥማል፤ እኔ የሞተሩን ድምፅና የጥርሱን ድምፅ እያዳመጥሁ እነዳለሁ። በዚያ ሁኔታ ወራት አለፉ። እየቆየ አፍንጫዋ ላይ ያለው ሰው መሆኑንም ረሳሁት።

አንድ ቀን ጠዋት ግን የቀበሌው የምልመላ ኃላፊ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ወንዙ ዳር ድረስ ወረደ። ጎመን እየጫንን ነበር። ጓድ ቸርነት ሮጦ ተቀበለው።

«ይሄ ማነው?» አለ ኃላፊው እኔን እያየ።

«ሹፌር ነው፣ ጓድ። ሌላ የለንም።»

«እሺ። ያኛውስ?»

ጓድ ቸርነት ጉሮሮውን ጠረገ። ዳኛቸው ከተቀመጠበት ሆኖ ራሱ መለሰ። «እኔ ክብደት ነኝ፣ ጓድ።»

«ምን?»

«ክብደት።»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። «አገር ወታደር አጥቶ ይሄን የሚያህል ሰው ትራክተር ላይ እያስቀመጣችሁ ካሮት ትቀልባላችሁ? ውረድ።» ዳኛቸው ወረደ። አንደኛው ጠባቂ እጅጌውን ያዘው።

«ጓድ፣ እሱ ከሌለ ትነሣለች» አለ ጓድ ቸርነት።

«ማን?»

«ትራክተሯ።»

«እስቲ ትነሣልኝ» አለ ኃላፊውና እጁን አጣምሮ ቆመ።

ተሳቢው ገና እኩሌታውን ነበር የተጫነው። በእኩሌታ ጭነት መነሣቷን እርግጠኛ አልነበርሁም። ካልተነሣች ዳኛቸው ሄደ፤ ቀጥሎ ደግሞ የአንድ ውሸታም ማኅበር ሹፌር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ወጥቼ ተቀመጥሁ። እትዬ የሺመቤት ጎመን መደቡ ዳር ቆመዋል፤ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው እኔን ነው የሚያዩት። ልጃቸውን አይደለም፤ እኔን።

ዳገቱ ሥር አደረስኋት። ጋዙን እስከ መጨረሻው ሰጠኋትና ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቅሁት።

እንዲያ ስትነሣ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም። መቀመጫው ላይ ሳለሁ በጀርባዬ የተኛሁ ያህል ሆንሁ፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ትንሽ ደመና ነበረች፣ ዛሬም ትታየኛለች። ከኋላዬ ጎመኑ ይፈሳል፣ ሰው ይጮሃል። እንዴት እንደረገጥሁት እንጃ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጥሁና መሬት ተመልሳ መጣች። ዞር ስል ኃላፊው ቆስጣ መደብ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶ ቆሟል።

«ይመለስ» አለ። «ይመለስ፣ ይቀመጥባት።»

ዳኛቸው ወደ ጆንያው ተመለሰና የጀመረውን ካሮት ከኪሱ አወጣ። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን ከአፋቸው አወጡ፤ ፈገግ አላሉም፤ አጎንብሰው ጎመን መልቀም ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የተገጣጠመልኝ። ተሳቢውን ሲመርጡ ጫኝና አውራጅ ያስፈልጋል ብለው አስበው ይሆናል። ብረቱን ሲያዩ ግን የተሻለ ነገር አገኙ። ብረቱን መተው ማለት ሰው መቅጠር ነው።

አመሻሽ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ላኩልኝ። አሸተትሁት፣ በአውራ ጣቴ ተጫንሁት፣ መዳፌ ላይ አቀለጥሁት። ሙዝ የለበትም።

ኮታው ግን ባዶ አልቀረም። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች መንደር፣ ከኛው ሰፈር፣ ሌሎች ልጆች ሄዱ። የተመለሱትን አውቃለሁ፤ ያልተመለሱትንም አውቃለሁ። እኔና ዳኛቸው ስለዚህ ተነጋግረን አናውቅም።

መንግሥት ተለወጠ፣ ማኅበሩ ፈረሰ። ብዙ ቆይቶ፣ እትዬ የሺመቤት ዓይናቸው ደክሞ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እትዬ፣ ያኔ ብረቱን ሊያመጡ መጋዘን ድረስ ሄደው ነበር?»

«ሄጃለሁ።»

«ጫማዎት ንጹሕ ነበር።»

«ጠርጌው ነዋ።»

የልቤን ለመጠየቅ ድፍረት የሰጠኝ እንደማያዩኝ ማወቄ ይመስለኛል። «ለኔም አስበው ነበር?» አልሁ። «ያን ጊዜ… ማለቴ፣ እንዳልሄድ።»

ወደ ድምፄ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት እዝነት ነው። «አንተ ልጅ» አሉ፣ «ሹፌር የሌለው ክብደት ምን ይሠራል?»

እንግዲህ የትራክተሯ ሦስተኛ ተቀጥላ እኔ ነበርሁ ማለት ነው፤ ለዳኛቸው የተገዛሁ። ለጥቂት ቀን ከፋኝ። ከዚያ ረሳሁት እላችሁ ነበር፣ ግን አልረሳሁትም።

ዛሬ ዳኛቸው ስኳር ይዞት ከኔ በላይ ከስቷል። እሑድ እሑድ ይመጣል፤ ቡና ያለ ስኳር ጠጥተን በእናቱ እንስቃለን። እኔ አርጅቼም መጠርጠሬን አልተውሁም። ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንልኝ ዙሪያውን አያለሁ፤ ዳኛቸውህ የት አለ ብዬ እፈልጋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አገኘዋለሁም፤ ልጁ ነው፣ ወንድሙ ነው፣ ወይ ራሱ ነው። ድሮ ሳገኘው ደግነቱ የረከሰ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። እትዬ የሺመቤት ልጃቸውን ብቻ ነበር ሊያተርፉ ያሰቡት፤ እኔ በሕይወት ተቀምጬ ይህን የምጽፍላችሁ ግን በዚያው ነው።